መብራት በጠፋ ጊዜ



ዛሬ ላወሳላችሁ የፈለግሁት በአሜሪካ አገር በሂዩስተን ከተማ፥ በአንድ ሰፈር ተሰብስበው የቆሙትን ሆስፒታሎችና የሕክምና ትምህርት ቤቶች ነው። ብዙዎቹ የየራሳቸውን ማቀዝቀዣና ማሞቂያ በመትከል ፈንታ፥ ከአንድ ማእከላዊ ጣቢያ የቀዘቀዘ ውሃና እንፋሎት በቧንቧ ይቀበላሉ። የቀዘቀዘው ውሃ የክፍሎቹን ሙቀት ያበርዳል፤ እንፋሎቱም የሕክምናውን መሣሪያ ከተሕዋስያን ያነጻል።

አሠራሩ ወጪን ይቀንሳል፤ ነገር ግን ውሃውን የሚገፋው ፓምፕ በመሆኑ፥ ኤሌክትሪክ ከተቋረጠ ቧንቧው ሁሉ ይተኛል።

በ2001 ዓ.ም. (እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር) በሰኔ ወር፥ አሊሰን የተባለው ማዕበል ከተማይቱን አጥለቀለቃት። በሆስፒታሎቹ የመጠባበቂያ ጄኔሬተር አልታጣም ነበር፤ ጥፋቱ የኤሌክትሪኩ ማከፋፈያ ከመሬት በታች በተሠሩ ክፍሎች መቀመጡ ነው። ጎርፉ አስቀድሞ የገባው እዚያው ነበር። ስለዚህ በሽተኞችን በጨለማ ደረጃ ተሸክሞ ማውረድ፥ መተንፈሻ መኪናው ለቆመባቸውም በእጅ እየጨመቁ አየር መስጠት ግድ ሆነ።

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» እንዲሉ፥ ከጥፋት በኋላ መጮኽ የተለመደ ነው። እነዚህ ሰዎች ግን ለሚመጣው ቀን ሠሩ። የጎርፍ መከላከያ በሮች አቆሙ፤ ማከፋፈያዎችንም ከፍ ወዳለ ቦታ አወጡ። ማእከላዊው ጣቢያም በ2010 ዓ.ም. በተፈጥሮ ጋዝ የሚሠራ፥ 48 ሜጋዋት የሚያመነጭ መኪና ተከለ። መኪናው ኤሌክትሪክ ሲያመነጭ የሚተፋው ትኩስ አየር እንፋሎት ያፈላል፤ የከተማው መብራት ቢጠፋም ጣቢያው ፓምፖቹን በራሱ ኃይል ያንቀሳቅሳል።

በ2017 ዓ.ም. በነሐሴ ወር ሃርቪ የተባለው ማዕበል በአካባቢው በጥቂት ቀን ከአንድ ሜትር የሚበልጥ ዝናብ ሲያወርድ፥ የቀዘቀዘው ውሃና እንፋሎቱ ሳይቋረጡ ደረሱ።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፤ ይህ ነገር እኛን መምህራንን የሚመለከተው ስለ ምንድር ነው? ተማሪን «መጠባበቂያ አለን?» ብለን ብንጠይቀው «አዎን» ብሎ ይመልሳል፤ መልሱም ትክክል ይሆናል። በ2001 ዓ.ም. በሂዩስተንም መልሱ ይኸው ነበር። ከዚህ ይልቅ «የት ተቀመጠ? ጎርፍ ቢመጣ ምን ይነካዋል? ማን ያስነሣዋል? ኃይል ቢያንስ አስቀድሞ ለማን ይሰጣል?» ብለን እንጠይቀው። እንደዚህ መጠየቅን የለመደ ልጅ ነገ መሐንዲስ ወይም የሆስፒታል አስተዳዳሪ ሲሆን፥ በጨለማ ደረጃ የሚወርድ በሽተኛ አይኖርም።