ከዘይላ ወደብ የተሻገሩ ዑለማእ

(በሬዲዮ ፕሮግራማችን የቀረበ ንግግር)



ሐሪማ ገብቶ የሐነፊ መዝሀብ የፊቅህ ኪታቦችን የቀራ ደረሳ «ዘይለዒይ» የሚለውን ስም ደጋግሞ ያገኘዋል። ብዙዎቻችን ስሙን ስንሰማ የአንድ ዐረብ ዓሊም ስም መስሎን እናልፈዋለን። ነገር ግን ዘይለዕ ማለት ዛሬ በሶማሊላንድ ጠረፍ፣ ከጅቡቲ ድንበር ብዙም ሳትርቅ የምትገኘው የዘይላ ወደብ ናት። ስሙን የተሸከሙት ሰዎችም ከእኛው ምድር፣ ከእኛው ባሕር ዳርቻ የተነሡ ናቸው። በዛሬው ፕሮግራማችን ስለዚህች ወደብና በእርሷ በኩል ስለ ተሻገሩ ሰዎች ጥቂት እናወጋችኋለን።

ዘይላ ጥንታዊ ከተማ ናት። ከክርስቶስ ልደት በኋላ በ9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የጻፈው የዕቁቢ ስሟን አንሥቷል። የአገሬው ሰዎች ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዘመን ሙሃጂሮች ጋር የሚያያይዙት፣ ሁለት ሚሕራብ ያለው መስጂደል ቂብለተይን ፍርስራሽም እዚያው ይገኛል። ታላቁ መንገደኛ ኢብኑ በጡጣ በ1330 ገደማ ከዐደን በመርከብ ተነሥቶ በአራት ቀን ዘይላ ገብቷል። ገበያዋ ታላቅ መሆኑን መስክሯል። ሆኖም ከተማዋን አልወደዳትም። በየመንገዱ የሚታረደው ግመል ደምና የዓሣው ብዛት ከፈጠረው ሽታ የተነሣ፣ ባሕሩ እየተናወጠ እንኳ ሌሊቱን መርከቡ ላይ ማደሩን መረጠ። የገበያ ከተማ ሽታ ከሕይወቷ የሚለይ አይደለምና እኛ በዚህ አንቀየመውም! ግመል በየመንገዱ የሚታረድባት ከተማ ስንት አፍ ትመግብ እንደ ነበር ራሱ ሽታው ይናገራል።

ይሁንና የዘይላ ታላቅነት በገበያዋ ብቻ አልነበረም። ኢብኑ በጡጣ ባለፈባት ዘመን የኖረው የግብፅና የሻም ጸሐፊ አል-ዑመሪ፣ በሐበሻ ምድር ሰባት የሙስሊም ግዛቶች እንደ ነበሩ ይዘረዝራል። ከእነዚህም ኢፋት፣ ደዋሮ፣ ሐድያና ባሌ ይገኙባቸዋል። ታዲያ ያን ሁሉ ደጋና ቆላ በግብፅና በሻም ሰዎች አንደበት ምን ብለው ይጠሩት ነበር? «የዘይለዕ አገር» ነበር የሚሉት። ከባሌ ተራሮች የመጣውም፣ ከኢፋት ቆላ የወረደውም፣ ከወደቧ መርከብ ተሳፍሮ ከወጣ በኋላ በሰው አገር «ዘይለዒይ» ይባል ነበር። ስለዚህ ይህን ስም የያዘ ዓሊም ሁሉ የግድ በወደቧ የተወለደ ነው ማለት አይቻልም። ስሙ የበሩ ስም ነው፤ ቤቱ ግን ሰፊ ነበር።

አል-ዑመሪ ይህን ሁሉ መረጃ ያገኘው ራሱ ሐበሻ መጥቶ አይደለም። ከነገሩት ሰዎች አንዱ ካይሮ የነበሩት ሸይኽ ዐብዱላህ አዝ-ዘይለዒይ ናቸው። እኒህ ሰው በሱልጣን አን-ናሲር ሙሐመድ ዘመን ወደ ግብፅ ሄደው፣ በሐበሻ ላሉ ሙስሊሞች ጉዳይ ለንጉሡ ደብዳቤ እንዲጻፍ ይማልዱ ነበር። ከመቶ ዓመት ያህል በኋላም አል-መቅሪዚ ስለ ሐበሻ ሙስሊም ነገሥታት አንዲት አነስተኛ ኪታብ የጻፈው መካ ተቀምጦ፣ ከአገራችን የመጡ ሰዎችን እየጠየቀ ነው። ልብ በሉ፣ የኢፋት ሱልጣኖችን ታሪክ ዛሬ የምናውቀው በብዛት አገራቸውን ጥለው የተሻገሩ ሰዎች በሰው አገር ስለ ነገሩልን ነው። ያልተሻገሩት አባቶቻችን የሚያውቁት ግን በአብዛኛው ከእነርሱ ጋር ተቀብሯል።

ወደ ሁለቱ ዘይለዒዮች እንመለስ። የመጀመሪያው ፈኽሩዲን ዑስማን ኢብኑ ዓሊ ናቸው። በ705 ዓመተ ሂጅራ ካይሮ ገብተው አስተማሩ፣ ፈትዋ ሰጡ። «ከንዙ አድ-ደቃኢቅ» ለተባለው የሐነፊ ፊቅህ ኪታብ «ተብዪኑል ሐቃኢቅ» የተሰኘውን ታላቅ ማብራሪያ ጽፈው በ743 ዓ.ሂ. እዚያው አረፉ። ተማሪያቸው የነበሩት ጀማሉዲን ዐብዱላህ ኢብኑ ዩሱፍ ደግሞ በሐዲስ ዕውቀት ከአስተማሪያቸው የላቀ ዝና አገኙ።

የጀማሉዲንን ሥራ ትንሽ ማስረዳት ያስፈልጋል። «አል-ሂዳያ» የሐነፊ መዝሀብ ዋነኛ ኪታብ ነው። ደራሲው አል-መርጊናኒ ሐዲሶችን ለማስረጃ ሲያመጣ ከየት እንደ ተወሰዱ አይገልጽም ነበር። ጀማሉዲን «ነስቡ አር-ራያ» በተሰኘው ኪታባቸው እነዚያን ሐዲሶች አንድ በአንድ ፈልገው፣ ማን እንደ ዘገባቸው፣ የዘጋቢዎቻቸው ሰንሰለት ጠንካራ ይሁን ደካማ አሳዩ። ከሁሉ የሚያስደንቀን ግን ሌላ ነው። የራሳቸውን መዝሀብ ማስረጃ ብቻ ሳይሆን የሌሎቹን መዝሀቦች ማስረጃም ሳይሸሽጉ አስቀምጠዋል። ለወገኑ የሚከራከር ሰው ይህን ሲያደርግ ስንት ጊዜ አይተናል?

ከሻፊዒዩ ሐዲሰኛ ከአል-ዒራቂ ጋርም ይተጋገዙ ነበር። አል-ዒራቂ የኢማም ገዛሊን «ኢሕያእ» ሐዲሶች፣ ዘይለዒይ ደግሞ የሂዳያንና የ«ከሽሻፍ»ን ሐዲሶች ለማጣራት አብረው ኪታቦችን ያገላብጡ እንደ ነበር ኢብኑ ሐጀር ዘግቧል። ኢብኑ ሐጀር ራሱም ነስቡ አር-ራያን አሳጥሮ «አድ-ዲራያ» ብሎታል። ጀማሉዲን በ762 ዓ.ሂ. ካይሮ ውስጥ አረፉ፤ አላህ ይዘንላቸው።

እንደ ዘይለዒይ ሁሉ «ጀበርቲ» የሚለውም ስም የተሻገሩት ሰዎች ስም ነው። ዛሬ በትግራይና በኤርትራ ትግርኛ ተናጋሪ ሙስሊሞችን ለመጥራት ያገለግላል፤ ቀድሞ ግን ለብዙ የሐበሻ ሙስሊሞች ይነገር ነበር። በየመን ዘቢድ ከተማ በ806 ዓ.ሂ. ያረፉት ሸይኽ ኢስማዒል አል-ጀበርቲ በዚህ ስም የታወቁ ሱፊ ናቸው። በአል-አዝሀርም የጀበርት ደረሶች የሚያድሩበትና የሚማሩበት ሪዋቅ ነበራቸው። ስንቅ ጨርሶ፣ ቋንቋው ገና ሳይፈታለት ለደረሰ ደረሳ የአገሩ ሰዎች ያሉበት ሪዋቅ ምን ማለት እንደ ሆነ ከአገር ርቆ የተማረ ሁሉ ያውቀዋል።

የዚያ ሪዋቅ ሹም ሆነው ካገለገሉ ቤተሰቦች የተወለደው ዐብዱረሕማን አል-ጀበርቲ (ከ1753 እስከ 1825) የግብፅ ታላቅ ታሪክ ጸሐፊ ሆነ። አባቱ ሐሰን አል-ጀበርቲ በሥነ ፈለክና በሒሳብ የተደነቁ ዓሊም ነበሩ። ፈረንሳዮች በ1798 ግብፅን ሲወርሩ ዐብዱረሕማን ያየውን በየዕለቱ መዘገበ። ሙሐመድ ዓሊ ፓሻ ሥልጣን ሲይዝም ለማሞገስ አልቸኮለም፤ የግብሩን ክብደትና የሕዝቡን በደል ጻፈ። በዚህም ምክንያት «ዐጃኢቡል አሳር» የተሰኘው ኪታቡ ደራሲው ካረፈ በኋላ ለብዙ ዓመታት ሳይታተም ቆየ። ሙሉው በቡላቅ ማተሚያ ቤት የታተመው በ1880 ገደማ ነው። ይህ ሰው ካይሮ ተወልዶ ካይሮ ያደገ ነው። ቢሆንም በኪታቡ የአያቶቹን አገር ሳያነሣ አላለፈም፤ ከዘይለዕ ምድር መምጣታቸውን ጽፏል።

ወደቧ ራሷስ ምን ደረሰባት? መከራዋ ብዙ ነው። በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መባቻ ሱልጣን ሰዕደዲን ከሐበሻው ንጉሥ ሠራዊት ሸሽቶ ከዘይላ ፊት ለፊት ባለችው ደሴት ተገደለ፤ ደሴቶቹ እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራሉ። ልጆቹ ወደ የመን ተሻግረው በኋላ ተመለሱ። በ1517 ደግሞ የፖርቱጋል መርከቦች ከተማዋን አቃጠሏት። እንደገና ቆመች። ከሐረር በግመል የሚወርደው ቡና፣ ቆዳና የዝሆን ጥርስ በእርሷ በኩል ያልፍ ነበር፤ የሚያሳዝነው የባሪያ ንግድም እንዲሁ። እንግሊዛዊው በርተን በ1854 በገዢዋ በሐጂ ሸርማርኬ እንግድነት ሲቀመጥ፣ ደርዘን ያህል የድንጋይ ቤቶችና ከሁለት መቶ በላይ የሣር ጎጆዎች ብቻ ነበር ያየው።

ያደከማት ግን ከእሳቱ ይልቅ የባቡር ሐዲድ ነው። ፈረንሳዮች በ1888 ጅቡቲን ቆረቆሩ። ከዚያ የተነሣው ባቡር በ1902 መጨረሻ ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ደረሰ። ነጋዴውም ግመሉን ትቶ ወደ ባቡሩ ዞረ። ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በአካባቢው የተካሄደው ጦርነት ደግሞ የቀሩትን ቤቶች አፈረሰ።

ዘይላ ጭር ባለችበት በዚያው ዘመን፣ በ1938፣ የሕንድ ዑለማእ ያቋቋሙት ማኅበር «ነስቡ አር-ራያ»ን በአራት ቅጽ ካይሮ ላይ አሳተመ። በኪታቡ ላይም የደራሲው ስም ሰፍሯል፦ ጀማሉዲን ዐብዱላህ ኢብኑ ዩሱፍ አዝ-ዘይለዒይ።