ከሳሙና እስከ ዲ.ኤን.ኤ.፦ የአንድ ኬሚስት የምርምር ጉዞ



በኬሚስትሪ ዓለም ስማቸው የሚነሣው ብዙውን ጊዜ አዲስ ንጥረ ነገር ያገኙ ወይም አዲስ መድኃኒት የቀመሙ ሰዎች ናቸው። የዛሬው ንግግር የሚያተኩረው ግን ከዚህ በተለየ መንገድ በተጓዙ ሰው ላይ ነው። በስዊድን አገር በሉንድ ዩኒቨርሲቲ የፊዚካል ኬሚስትሪ ፕሮፌሰር ሆነው የሠሩት ቢዮርን ሊንድማን የምርምር ዘመናቸውን ያዋሉት ማንም ሰው በየቀኑ በእጁ የሚነካውን፣ ስለዚህም የታወቀ የሚመስለውን ነገር በመመርመር ነው። ይኸውም ሳሙናና የሳሙና ዘመዶች በውኃ ውስጥ የሚያደርጉት ነገር ነው። ይህ ጥያቄ ከሳሙና ተነሥቶ እስከ ዲ.ኤን.ኤ. እንዴት እንደ ደረሰ መከታተል ለሙያው ባልደረቦች የሚሰጠው ትምህርት ቀላል አይደለም። በንግግሩ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሰርፋክታንት የሚባለው ሞለኪዩል ሁለት ጠባይ በአንድ አካል የያዘ ነው። ራሱ ውኃን ይወዳል፤ ጭራው ከውኃ ይሸሻል። የፋብሪካ ሳሙናም ሆነ በኢትዮጵያ ከጥንት ጀምሮ ልብስ የሚታጠብበት እንዶድ አረፋ የሚያወጣውና እድፍ የሚያስለቅቀው በዚሁ ጠባይ ነው። የሰርፋክታንቱ መጠን በውኃ ውስጥ ከተወሰነ ደረጃ ሲያልፍ ሞለኪዩሎቹ ጭራቸውን ወደ ውስጥ፣ ራሳቸውን ወደ ውጭ አድርገው ይሰበሰባሉ። ይህ ስብስብ ሚሴል ይባላል። ሶዲየም ዶዴሲል ሰልፌት በተባለው የታወቀ ሰርፋክታንት ይህ የሚሆነው በአንድ ሊትር ውኃ 8 ሚሊሞል ያህል ሲገኝ ነው፤ በአንዱ ሚሴል ውስጥም 60 ያህል ሞለኪዩሎች ይሰበሰባሉ። የሳሙና ሞለኪዩሎች በውኃ ውስጥ ይሰበሰባሉ የሚለውን ሐሳብ ጄምስ ዊልያም ማክቤይን በ1913 ሲያቀርቡ በቀላሉ አልተቀበሏቸውም ነበር። ዛሬ ግን የኮሎይድ ኬሚስትሪ መሠረት ሆኗል።

ሊንድማን ወደዚህ መስክ የገቡት በኑክሊየር ማግኔቲክ ሬዞናንስ በር ነው። ከስቱሬ ፎርሴን ጋር ሆነው ስለ ክሎሪን፣ ብሮሚንና አዮዲን ማግኔቲክ ሬዞናንስ የጻፉት መጽሐፍ በ1976 ታተመ። ዘዴው የሚሰጠው ጥቅም ግልጽ ነው። የብሮማይድ አዮን በነጻ ውኃ ውስጥ ሲዘዋወርና ከሚሴል ገጽ ሲጠጋ የሚሰጠው ምልክት አንድ ዓይነት አይደለም። ስለሆነም ተመራማሪው መፍትሔውን ሳይነካና ሳያበላሽ፣ ከአዮኖቹ ምን ያህሉ ከሚሴሉ ጋር እንደ ተጠጉ ሊያውቅ ይችላል። ከሆካን ቬነርስትሮም ጋር በ1980 ያሳተሙት ስለ ሚሴሎች የተጻፈ ሰፊ ግምገማም በወቅቱ የነበረውን እውቀት አንድ ላይ ያሰባሰበ ሥራ ነው።

ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ ክርክር ያዘለ ነበር። ዘይትና ውኃ በሰርፋክታንት አማካይነት ተዋሕደው የጠራ ፈሳሽ ሲሆኑ ማይክሮኢመልሽን ይባላሉ። በዚያን ጊዜ የብዙዎች እምነት በፈሳሹ ውስጥ የዘይት ጠብታዎች በውኃ፣ ወይም የውኃ ጠብታዎች በዘይት ተከበው ይገኛሉ የሚል ነበር። ዘይትና ውኃ እኩል በሚሆኑበት ጊዜስ ማን ማንን ይከባል? አሜሪካዊው ስክሪቨን በ1976 ሁለቱም ሳይቆራረጡ እንደ ስፖንጅ እርስ በርስ ሊተላለፉ ይችላሉ ሲሉ ሐሳብ አቀረቡ። ሐሳቡን የሚፈትን መለኪያ ግን ያስፈልግ ነበር።

ሊንድማን ከፒተር ስቲልብስና ከሞስሊ ጋር በ1981 ያሳተሙት ሥራ መለኪያውን አቀረበ። መንገዱ እንዲህ ነው። አንድ ሞለኪዩል በጠብታ ውስጥ ከታሰረ ሊርቅ የሚችለው ጠብታው በሚሄድበት ዝግታ ብቻ ነው፤ ካልታሰረ ግን በንጹሕ ፈሳሽ ውስጥ ከሚኖረው ጋር በሚቀራረብ ፍጥነት ይጓዛል። በማግኔቲክ ሬዞናንስ የዘይቱም የውኃውም ጉዞ ለየብቻ ተለካ። ሁለቱም በአንድ ጊዜ ፈጣን ሆነው በተገኙበት ፈሳሽ ውስጥ ዝግ ጠብታ አለ ማለት አልተቻለም። በ1988 ያንና ስትሬ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ያነሷቸው ሥዕሎች ስፖንጅ መሰሉን መዋቅር ለዓይን አሳዩ። ከሥዕሉ በፊት መልሱን የሰጠው ግን የሞለኪዩሎቹ ፍጥነት ነበር።

ከዚህ በኋላ ጥያቄው ወደ ሕይወት ሞለኪዩል ተሸጋገረ። በአንድ የሰው ሴል ውስጥ ያለው ዲ.ኤን.ኤ. ተዘርግቶ ቢለካ 2 ሜትር ያህል ይሆናል፤ የሚቀመጥበት ኒውክሊየስ ግን ስፋቱ አንድ መቶኛ ሚሊሜትር ያህል ነው። ከዚህም በላይ ዲ.ኤን.ኤ. በየ0.34 ናኖሜትሩ ሁለት አሉታዊ ሙል ስላለው አካሉ እርስ በርሱ ይገፋፋል። ታዲያ ይህ የሚገፋፋ ክር እንዴት ይታጠፋል? ጥያቄው ለሕክምናም የሚጠቅም ነበር፤ ፌልግነርና ባልደረቦቻቸው በ1987 አዎንታዊ ሙል ያላቸው ቅባቶች ዲ.ኤን.ኤ.ን ወደ ሴል ውስጥ ሊያስገቡ እንደሚችሉ አሳይተው ነበርና።

በ1995 ሜልኒኮቭ፣ ሰርጌየቭና ዮሺካዋ አዎንታዊ ሙል ያለው ሰርፋክታንት ሲጨመር እያንዳንዱ የዲ.ኤን.ኤ. ሞለኪዩል ከተዘረጋ ክር ወደ ጠባብ እንክብል በድንገት እንደሚለወጥ በፍሎረሰንስ ማይክሮስኮፕ አሳዩ። አንድ አዎንታዊ ሙል ብቻ ያለው ተራ አዮን ይህን ማድረግ አይችልም። ሰርፋክታንቱ የሚችለው ጭራዎቹ በክሩ ላይ ስለሚሰባሰቡና ስብስቡ ብዙ ሙል እንደ ተሸከመ አንድ ትልቅ አዮን ስለሚሠራ ነው። በዚህ ጊዜ ቀድሞ በሁለቱ ዙሪያ ተይዘው የነበሩት ትናንሽ አዮኖች ነጻ ይወጣሉ፤ የኢንትሮፒው ጭማሪ ለትስስሩ ዋና ኃይል ይሆናል። የሚሴል ጥናት ለዲ.ኤን.ኤ. የሰጠው ቁልፍ ይህ ነው።

ይሁንና ማሸግ የሥራው ግማሽ ብቻ ነው። ታሽጎ የማይፈታ ዲ.ኤን.ኤ. ለሴሉ ምንም አይጠቅምም። ሜልኒኮቭ፣ ሪታ ዲያስ፣ ማሪያ ሚጌልና ሊንድማን ከሌሎች ባልደረቦች ጋር በ1999 ባወጡት ጽሑፍ አሉታዊ ሙል ያለው ሰርፋክታንት ሲጨመር የታጠፈው ዲ.ኤን.ኤ. እንደገና እንደሚዘረጋ አስረዱ። አሉታዊው ሰርፋክታንት አዎንታዊውን ወደ ራሱ ስቦ ከክሩ ያላቅቀዋል። ይህ በሉንድና በፖርቱጋል በሚገኘው በኮይምብራ ዩኒቨርሲቲ መካከል የተካሄደ ትብብር ፍሬ ነው። ዲያስና ሊንድማን በአርታኢነት ያዘጋጁት የመስኩ መጽሐፍም በ2008 ታተመ።

ችግሩ ግን በዚህ አላበቃም። አዎንታዊ ሙል ያላቸው ሰርፋክታንቶች ዲ.ኤን.ኤ.ን በሚይዙበት ኃይል የሴልን ሽፋንም ይጎዳሉ። በ2020 መጨረሻ ፈቃድ ባገኙት የኮቪድ-19 የኤም.አር.ኤን.ኤ. ክትባቶች ውስጥ ይህ ችግር የተቃለለው በአሲድ ውስጥ ብቻ አዎንታዊ ሙል በሚያገኙ ቅባቶች ነው። ክትባቶቹ የሊንድማን ሥራ አይደሉም። ነገር ግን መያዝና መልቀቅ፣ መጥቀምና መጉዳት የሚመዘኑበት ሚዛን እርሳቸውና ባልደረቦቻቸው ያጠኑት ያው ሚዛን ነው።

ሊንድማን ያንኑ ጥያቄ ወደ ሴሉሎዝም ወስደውታል። ሴሉሎዝ በውኃ የማይሟሟው በሃይድሮጅን ትስስር ምክንያት ነው የሚለው ትምህርት ለብዙ ዘመን ሲሰጥ ኖሯል። በ2010 ከካርልስትሮምና ከስቲግሶን ጋር ሆነው ሴሉሎዝም እንደ ሰርፋክታንት ሁለት ጠባይ እንዳለውና ከውኃ የሚሸሸው ገጹ ሊዘነጋ እንደማይገባ ተከራከሩ። ሐሳቡ ደጋፊም ተቃዋሚም አፍርቶ፣ በ2012 የሊንድማን መላምት በሚል ስም በይፋ ለክርክር ቀረበ።

ክቡራንና ክቡራት፣ ከዚህ ጉዞ የሚገኘው ቁም ነገር ግልጽ ነው። በማይክሮኢመልሽንም ሆነ በሴሉሎዝ የተለመደው ሥዕል ለመረዳት ቀላል ስለ ነበረ ብቻ እንደ እውነት ተቆጥሮ ነበር። የመጀመሪያው በመለኪያ ተለወጠ፤ ሁለተኛውም ለመለኪያ ቀረበ። ለተማሪዎች በየዓመቱ የሚሰጡት ትምህርቶች ከእነዚህ ውስጥ ስንቱን ሳይመረመር እንደሚያስተላልፉ መጠየቅ የእያንዳንዱ ኬሚስት ድርሻ ነው። ለዚህ ጥያቄ መነሻ የሚሆን ነገር ደግሞ ሩቅ አይደለም፤ በልብስ ማጠቢያው ገንዳ ውስጥም ይገኛል።