የነፍስ አማካሪ በመርከብ ማዘዣ ክፍል ቦታ አላትን?
(በክርክር ጉባኤ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ እንድንናገርበት የተሰጠን አርእስት ለአንዳንዶች ቀልድ ሊመስል ይችላል። በሳይንስ ልብ ወለድ ውስጥ የመርከበኞችን ጭንቀት የምታዳምጥ አማካሪ ከአዛዡ አጠገብ መቀመጥ ይገባታልን? ወይስ ቦታዋ ከሐኪሙ ዘንድ ነው? ጥያቄው ግን ሌላ ትልቅ ጥያቄ በውስጡ ይዟል፤ ይኸውም ውሳኔ በሚሰጥበት ክፍል መሣሪያን የሚያውቅ ብቻ ይበቃልን፣ ወይስ ሰውን የሚያውቅም ያስፈልጋል የሚለው ነው። እኛ ያስፈልጋል ከሚሉት ወገን ነን።

ለዚህ የታወቀ ምሳሌ እንውሰድ። (የምንጠራቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።) «ስታር ትሬክ፤ ዘ ኔክስት ጄኔሬሽን» የተባለው የአሜሪካ የቴሌቪዥን ድራማ ከ1987 እስከ 1994 ታይቷል። «ኢንተርፕራይዝ» በምትባለው የጠፈር መርከብ ላይ ከ1,000 የሚበልጡ ሰዎች ይኖራሉ፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ ቤተ ሰባቸውን ይዘዋል። በማዘዣው ክፍል መካከል ካፒቴን ፒካርድ፣ በቀኙ ምክትሉ ራይከር፣ በግራው አማካሪዋ ዲያና ትሮይ ይቀመጣሉ። የትሮይ አባት የምድር ሰው ነው፤ እናቷ ግን ቤታዞይድ ከሚባል ሕዝብ ናት። ስለዚህ ትሮይ የሌላውን ስሜት በልቧ ትረዳለች።

ሐሳቡ በ1987 የተፈጠረ አይደለም። በ1966 በታየው በመጀመሪያው ስታር ትሬክ ኤልሳቤጥ ዴነር የምትባል የአእምሮ ሐኪም መርከበኞቹ በአደጋ ጊዜ የሚያሳዩትን ጠባይ ለማጥናት ተሳፍራ ነበር። ፖላንዳዊው ደራሲ ስታኒስላቭ ሌምም በ1961 በወጣው «ሶላሪስ» ወደ ሩቁ የምርምር ጣቢያ የላከው ወታደር ወይም መሐንዲስ ሳይሆን የሥነ ልቡና ዐዋቂ ነው።

ተቃዋሚዎቻችን ሦስት ምክንያት ያቀርባሉ። የመጀመሪያው፤ ትሮይ ብዙ ጊዜ የምትናገረው ማንም የሚያየውን ነው፤ ጠላት እየተኰሰ «ተቈጥቷል» ማለት ምን ይጠቅማል? ይላሉ። ይህ እውነት ነው፤ ጥፋቱ ግን የጽሑፉ እንጂ የወንበሩ አይደለም። ደካማ ቃል የተሰጠው መሐንዲስ ቢኖር መሐንዲስ አያስፈልግም አንልም።

ሁለተኛው፤ የመርከቡን አሠራር አታውቅም ይላሉ። በ1991 በታየው «ዲዛስተር» በተባለው ክፍል መርከቡ ተጐድቶ በማዘዣው ክፍል ከነበሩት መኰንኖች በማዕርግ የምትበልጠው ትሮይ ሆነች። ስለ ሞተሩም ሌሎቹን መጠየቅ ነበረባት። ሮ የምትባለው መኰንን የመርከቡን የኋላ ክፍል ቈርጠን እንሽሽ ስትል፣ ትሮይ ግን በዚያ በሕይወት ያሉ ሰዎች ይኖራሉ ብላ አልፈቀደችም፤ ከቀረው ኀይልም ከፍላ አደጋው በሞተሩ ክፍል እንዲታይ አደረገች። በዚያ የደረሱትም አይተው መርከቡን አዳኑ። እንግዲህ ያላወቀችውን ጠየቀች፤ መወሰን የሚገባትን ግን ራሷ ወሰነች። አዛዥ ከዚህ ሌላ ምን ያደርጋል?

ሦስተኛው ምክንያት ከሁሉ ይከብዳል። የመርከበኛውን ምሥጢር የምትሰማ ሴት ከሚሾመውና ከሚሽረው ካፒቴን ጐን ብትቀመጥ፣ መርከበኛው ልቡን እንዴት ይገልጥላታል? የንስሐ አባቱ ከዳኛው ጋር በአንድ ወንበር ቢቀመጥ ማን ኀጢአቱን ይናገራል? ይህን ጥያቄ ድራማው በሚገባ አልመለሰውም። በእውነተኛው የጠፈር ሥራ ግን ሁለቱ ተለይተዋል። በአሜሪካ የጠፈር ድርጅት፣ በናሳ፣ የበረራው ሐኪም በምድር ባለው የመቈጣጠሪያ ክፍል ከሌሎቹ ባለሙያዎች ጋር ወንበር አለው። በዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ያሉት ጠፈርተኞች ከሥነ ልቡና ባለሙያ ጋር የሚያደርጉት ንግግር ግን ለብቻ ነው። ከዚህ የምንማረው፤ የአማካሪ ወንበር በማዘዣው ክፍል ይኑር፣ ምሥጢር ሰሚው ግን ሌላ ሰው ይሁን የሚለውን ነው። ከ1,000 በላይ ሰው ለሚኖርበት መርከብ ሁለት ባለሙያ አይበዛበትም።

ወንበሩስ ለምን ይኑር? በማርች 27 ቀን 1977 በቴኔሪፍ ደሴት ሁለት ታላላቅ አውሮፕላኖች በጉም ውስጥ በማኰብኰቢያው ላይ ተጋጭተው 583 ሰዎች ሞቱ። ለመነሣት ይሮጥ በነበረው አውሮፕላን ውስጥ የበረራ መሐንዲሱ ሌላው አውሮፕላን መንገዱን አልለቀቀ እንደ ሆነ ጠይቆ ነበር። ካፒቴኑ ለቋል ብሎ መለሰለት፤ ጥያቄውም በዚያው ቀረ። በዚህና በመሰሉት አደጋዎች ምክንያት ናሳ በ1979 ጉባኤ ጠራ፤ የበታች በድፍረት እንዲናገር፣ አዛዥም እንዲያዳምጥ የሚያስተምረው ሥልጠናም ከዚያ ወዲህ ተስፋፋ። «እንግዲያው ሁሉም ይማር እንጂ አማካሪ ለምን?» የሚለን ይኖራል። ሁሉም መማሩ መልካም ነው፤ ነገር ግን የሁሉ ሥራ የሆነ ነገር የማንም ሥራ ሳይሆን እንዳይቀር፣ አዛዡ የማይሰማውን መንገር ግዴታው የሆነ አንድ ሰው መኖር አለበት።

በመጨረሻም በ1994 የታየውን «ዛይን ኦውን ሰልፍ» የተባለውን ክፍል እናስታውሳችሁ። ትሮይ ለአዛዥነት ማዕርግ ተፈተነች። መርከቡን ለማዳን በመሣሪያ በኩል መፍትሔ እየፈለገች ደጋግማ ወደቀች። ያለፈችው የባልንጀራዋን ምስል ገብተህ ጠግን፣ ሙት ብላ ባዘዘች ጊዜ ነው። ፈተናው የሞተር ጥያቄ መስሎ ሳለ መልሱ የሰው ሕይወት ሆነ። እንግዲህ ትእዛዝ ሁሉ በመጨረሻው በሰው ላይ የሚወድቅ ከሆነ፣ ሰውን የሚያውቅ ሰው ከማዘዣው ክፍል ውጭ ይቁም ማለት ከባዱን ሸክም ሳይመዝኑ መርከብን መጫን ነው።