ከስድስት ኪሎ እስከ ሐራ ገበያ



በየመሥሪያ ቤቱ የምናገለግል ሰዎች አንድ የቆየ ልማድ አለን። ባለጉዳይ ከወሎ መጥቶ በአገሩ አነጋገር ጉዳዩን ሲያስረዳ፥ ቃሉን በልባችን እያረምን እንሰማዋለን፤ አማርኛውንም እንደ ተበላሸ እንቆጥረዋለን። ስለ ከፍተኛ የሥነ ልሳን ትምህርት ስናገር ከዚህ መነሣቴ፥ ትምህርቱ ራሱ ይህን ልማድ በመቃወም ስለሚጀምር ነው። ለማስተርስ ወይም ለዶክተሬት የሚዘጋጅ ተማሪ አስቀድሞ የሚማረው፥ ሕዝብ እንዴት ሊናገር እንደሚገባው መፍረድን ሳይሆን፥ እንዴት እንደሚናገር አዳምጦ መመዝገብን ነው።

በሰሜን ወሎ ከወልድያና ከመርሳ አጠገብ ያለችውን ሐራን እንውሰድ። በስተ ምሥራቋ የአፋር ቆላ፥ በስተ ሰሜኗ የራያ ምድር አለ፤ ከአዋሽ የሚመጣውም የባቡር ሐዲድ ከመቀሌው ጋራ እንዲገናኝ የታቀደው በእርሷ ነው። በዚያ አገር ሰው የተጨነቀ ወዳጁን ሲያጽናና «አብሽር» ይለዋል፤ ለሴት ሲሆን «አብሽሪ»። ከተሜው ይህን ሲሰማ የባላገር ቃል ነው ብሎ ያልፈዋል። ቃሉ ከዐረብኛ የመጣ ሲሆን ትርጓሜው «የምሥራች፥ ደስ ይበልህ» ማለት ነው። ነገር ግን ሊቃውንቱ የሥሩን ፊደላት ቢመረምሩ ሌላ ነገር ያገኛሉ። የዐረብኛው «ሽ» በግዕዝ በንጉሡ «ሠ» ይመለሳል፤ ዐረቦች «ዐሽር» የሚሉትን ቁጥር ግዕዝ «ዐሥሩ» እንደሚለው ማለት ነው። በዚህ ሕግ መሠረት የ«አብሽር» ሥር በግዕዝ «አብሠረ» እና «ብሥራት» የወጡበት ሥር ነው። እንግዲህ መጋቢት 29 ቀን የብሥራትን በዓል የሚያከብረው ካህንና ጎረቤቱን «አብሽር» የሚለው የወሎ ሼክ በአንድ ጥንታዊ ሥር ይጠቀማሉ። («ብሥራት»ን በእሳቱ «ሰ» የምንጽፍ ጸሓፊዎችም ይህን ብናስብ መልካም ነበር።)

ይህ ዓይነቱ ዕውቀት ለእኛ በቀላሉ አልመጣም። ቀድሞ ይህን ለማጥናት ባሕር መሻገር ግድ ነበር፤ ጌታቸው ኃይሌ ወደ ጀርመን ቱቢንገን፥ አብርሃም ደሞዝና ኃይሉ ፉላስ ወደ ካሊፎርኒያ ሄደው ተምረዋል። ሀብተ ማርያም ማርቆስ በ1973 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት ላይ የአማርኛን የየአገሩን ልዩነት አቀረቡ። የአገራችንን የቋንቋ ሁኔታ የመረመረው ትልቅ መጽሐፍም በ1976 እ.ኤ.አ. በኦክስፎርድ ማተሚያ ቤት ታተመ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤት የተቋቋመው ከዚያ በኋላ በ1978 እ.ኤ.አ. ነው። ዛሬ ተማሪው ከአገሩ ሳይወጣ ማዕርጉን ይቀበላል፤ ወልድያም የራሷ ዩኒቨርሲቲ አላት።

ቅር የሚለኝ ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ተማሪው ወደ ገጠር ወርዶ፥ ከሽማግሌ ከአሮጊት ቃል ለቅሞ፥ ድምፅ ቀርጾ ይመለሳል። የሚጽፈው ግን አብዛኛውን ጊዜ በእንግሊዝኛ ነው፤ ጽሑፉም ከፈታኞቹ እጅ ወደ ቤተ መጻሕፍቱ መደርደሪያ ይገባል። ቃሉን የሰጡት ሽማግሌ ምን እንደ ተጻፈ አያውቁም። ተግባራዊ የቋንቋ ጥናት የሚባለው ክፍል የተፈጠረው እኮ ለአስተማሪው፥ ለዳኛውና ለሐኪሙ እንዲጠቅም ነው! ከሌላ አገር የተመደበ ሐኪም በሽተኛው ሕመሙን በምን ቃል እንደሚገልጽ ካላወቀ፥ ስሕተቱ በመድኃኒቱ ላይ ይደርሳል። የምስክር ቃል የሚመዘግብ ጸሓፊም የአገሩን አነጋገር «አርሞ» ቢጽፈው፥ ምስክሩ ያላለውን አስብሎታል፤ በዚያ ቃል ደግሞ ሰው ይፈረድበታል።

ሌላ መንገድ እንዳለ ባዬ ይማም አሳይተዋል። ለንደን ላይ በ1986 እ.ኤ.አ. ለዶክተሬት ያቀረቡት ጥናት ስለ ኦሮምኛ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነበር፤ በ1987 ዓ.ም. ግን «የአማርኛ ሰዋስው»ን በአማርኛ አሳተሙልን፤ ያ ዕውቀት በገዛ ቋንቋችን ሊነገር እንደሚችልም በዚያ ታየ።

ከእያንዳንዱ ተማሪ መጽሐፍ አንጠብቅም። ከጥናቱ ጋራ ዐሥር ገጽ የአማርኛ ማጠቃለያ ቢያያዝና ቃሉ ለተለቀመበት ወረዳ ትምህርት ቤት፥ ፍርድ ቤትና ጤና ጣቢያ አንዳንድ ቅጂ ቢላክ፥ ወጪው የወረቀትና የፖስታ ብቻ ነው።