ጥርስን ለማቃናት ጥርስ መንቀል ይገባልን?

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ የጤና ክበብ አባሎች ያሰሙት ንግግር)



ዛሬ የምንናገርበት ጉዳይ ከአንዲት የክፍላችን ልጅ የተነሣ ነው። ይህች እኅታችን ጥርሷ ተደራርቦ ስለ በቀለ ሽቦ እንዲታሰርላት ወደ ሐኪም ቤት ሄደች። ሐኪሙም «በመጀመሪያ አራት ጥርስ ይነቀላል» ቢሏት እናቷ ደንግጠው ልጃቸውን ይዘው ተመለሱ። «ደኅና ጥርስ ስለ ምን ይነቀላል?» የሚለው የእናት ጥያቄ ከዚያን ቀን ጀምሮ የእኛም ጥያቄ ሆነ።

መልሱን ስንፈልግ ሊቃውንቱም ራሳቸው ብዙ ዘመን የተከራከሩበት ነገር ሆኖ አገኘነው። ጥርስ ማቃናትን ራሱን የቻለ ሙያ ያደረገው አሜሪካዊው ኤድዋርድ አንግል፣ ለሰው በተፈጥሮ የተሰጡት ጥርሶች ሁሉ ሊጠበቁለት ይገባል ብሎ ያስተምር ነበር። ካልቪን ኬስ የተባለው ሐኪም ግን እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ1911 ዓ.ም. ለአንዳንድ ሰው መንቀል የግድ ነው ሲል ተከራከረ። አንግል በ1930 ከሞተ በኋላ የገዛ ተማሪው ቻርልስ ትዊድ ሥራውን መለስ ብሎ ቢመረምር፣ ሳይነቅል ያከማቸው ብዙ ሰዎች ጥርሳቸው ተመልሶ መጣመሙን፣ አፋቸውም ወደ ፊት መግፋቱን አየ። ስለዚህ 100 ያህሉን አራት አራት ጥርስ ነቅሎ እንደ ገና አከመና ውጤቱን በ1940 ለሙያ ባልንጀሮቹ አሳየ። ከዚያ ወዲህ መንቀል እጅግ ተስፋፋ፤ ኋላ ደግሞ ከመጠን አለፈ ተብሎ ቀነሰ።

የአዋቂ ሰው ጥርስ 32 ነው። ለማቃናት ሲባል ብዙ ጊዜ የሚነቀለው ከክራንቻ ቀጥሎ ያለው ሲሆን ስፋቱ ወደ 7 ሚሊሜትር ነው። መንጋጋው ጠባብ፣ ጥርሱ ትልልቅ ሲሆን ይህ ክፍት ቦታ ለተጨናነቁት መሰለፊያ ይሆናል። ሽቦው በዝግታ ሲገፋ አጥንቱ በአንድ ወገን እየሟሟ፣ በሌላው ወገን እየተሠራ ጥርሱ በወር 1 ሚሊሜትር ያህል ይጓዛል። መጨናነቁ ጥቂት የሆነ እንደ ሆነ ግን የጥርሱን ጎን በስሱ በመሞረድ፣ ወይም ገና በሚያድግ ልጅ የላይኛውን መንጋጋ በማስፋት ሳይነቀል ቦታ ማግኘት ይቻላል።

እንግዲህ መንቀል ሁሉ ጥፋት አይደለም፤ አለመንቀልም ሁሉ ደግ አይደለም። ነገር ግን የተነቀለ ቋሚ ጥርስ ተመልሶ አይበቅልምና አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል። ራጅ ተነሥቶ የጥርሱ ቅርጽ ተለክቷልን? የሚጎድለው ቦታ ስንት ሚሊሜትር ነው? ሳይነቀል ቢታከም ምን ይሆናል? የከንፈርና የፊት መልክስ ይለወጣልን? ሽቦው ከወለቀ በኋላ ጥርሱ እንዳይመለስ መያዣው እስከ መቼ ይደረጋል?

እነዚህን ጥያቄዎች በወረቀት ጽፈን ለጓደኛችን እናት ሰጠናቸው። እርሳቸውም ወደ ሐኪሙ ተመልሰው ጠየቁ። ሐኪሙ ሳይቈጡ ራጁን እያሳዩ አስረዷቸው፤ የሚጎድለውም ቦታ ብዙ ሆኖ ስለ ተገኘ እናት መነቀሉን ፈቀዱ። ፊት የፈሩትን ነገር አሁን አውቀው ተቀበሉት።

«ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል» ይላሉ አባቶቻችን። እኛም ወላጆቻችን በሐኪም ፊት ከመጠየቅ እንዳያፍሩ፣ ጓደኞቻችንም ስለ ገዛ ጥርሳቸው ሳያውቁ አፋቸውን እንዳይከፍቱ አደራ እንላለን።