መሠረትህ የጎረቤትህንም ቤት ይነካል
(በሰፈራችን ነዋሪዎች ስብሰባ ላይ ከማህበሩ አባላት አንዱ ያደረጉት ንግግር)



ዕድሜዬን በግንባታ ፎርማንነት ስላሳለፍኩ፣ ስለ መሠረት ጥቂት እንድናገር ኮሚቴው አዝዞኛል።

እንደሚታወቀው የሱሉልታ ሜዳ በክረምት ውኃ ይተኛበታል። አፈራችን መረሬ ነው፤ ሲርስ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ሐምሌ ላይ ቤቱን ወደ ላይ ይገፋል፣ በበጋ ይለቀዋል። በሩ አልዘጋ ሲል አናጢውን አንውቀስ፣ ጣጣው ከሥር ነው።

ታዲያ መፍትሔው ምንድነው? መሠረቱን ክረምትና በጋ ወደማያናውጠው ጥልቀት ማውረድ ነው። አንዱ መንገድ ፓይል ነው፤ ይኸውም መሬት ውስጥ የሚቆም የአርማታ ምሰሶ ማለት ነው። አንዳንዱ በከባድ መዶሻ እየተመታ ይገባል፤ ንዝረቱ ግን የጎረቤት ግድግዳ ስለሚጎዳ ቤት ለቤት በተጠጋበት ሰፈር አይሆንም። ሌላው መሬቱ ተሰርስሮ፣ ፌሮ ገብቶ፣ ኮንክሪት የሚሞላ ነው። ጉድጓዱ ውኃ ከያዘ ኮንክሪቱ ከላይ አይደፋም፤ በቧንቧ ከታች ጀምሮ ይሞላል። አለዚያ ሲሚንቶው ታጥቦ ጠጠሩ ብቻ ይቀራል።

«ይህ ለፎቅ ነው እንጂ ለኛ ምን ያደርጋል?» ትሉ ይሆናል። ህንዶች እንደኛው ጥቁር አፈር ስላላቸው፣ ሩርኪ በሚገኘው የህንጻ ምርምር ተቋማቸው ለትንንሽ ቤት የሚሆን ፓይል አዘጋጅተዋል። በእጅ መሰርሰሪያ 3 ሜትር ተኩል ያህል ይወርዳል። ግንዱ 30 ሴንቲ ሜትር ከሆነ፣ ከታች እንደ ሽንኩርት ራስ እስከ 75 ሴንቲ ሜትር ይሰፋል። አፈሩ ሲያብጥ ያ እግር ቤቱን ይዞ ያስቀረዋል። በፓይሎቹ ላይ የሚያርፈው ቢም ደግሞ አፈሩን እንዳይነካ ከሥሩ ክፍተት ይተውለታል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። ከጥቂት ዓመት በፊት ከአጥሬ ሥር ለምድር ቤት ጉድጓድ ተቆፈረ። መያዣ አልተደረገለትም። ዝናቡ ሲመጣ አፈሩ ተናደ፣ የልጆቼ መኝታ ክፍል ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ተሰነጠቀ። ሌሊቱን ልጆቹን ይዘን ጎረቤት አደርን። እግዜር ይስጣቸው። በድንበሩ ላይ ፓይሎች ጎን ለጎን ቢደረደሩና ቁፋሮው ከዚያ ቢጀመር ኖሮ፣ አፈሩ በያዘ ነበር።

ዘንድሮም ሰፈራችን ውስጥ ሊቆፍር የተዘጋጀ ሰው አለ። ስለዚህ ሦስት ነገር እለምናለሁ፦

1ኛ. ከቁፋሮ በፊት አፈሩ ይመርመር፣ ጎረቤትም ይነገረው።
2ኛ. የነበረው ስንጥቅ ባለቤቱና ጎረቤቱ ባሉበት ፎቶ ይነሳ፤ ኋላ ከመካሰስ ያድናል።
3ኛ. በድንበር ላይ ያለ ጥልቅ ጉድጓድ ያለ መያዣ አይቆፈር፤ ሥራውም ሰኔ ሳይገባ ከመሬት ይውጣ።

ቤት መሥራት መልካም ነው፤ የሰው ቤት እያፈረሱ ግን አይሆንም።