«ምንም እንዳይጎድል» ስንል

ውድ እህቶቼ፣ በዚህች በአንዲት የዕረፍት ቀናችሁ ተኝታችሁ ድካማችሁን መወጣት ስትችሉ እኔን ለመስማት ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። እኔም እንደናንተው ነኝ። እዚሁ ቤይሩት በሰው ቤት ስሠራ 9 ዓመቴ ነው። ዛሬ የማወራችሁ ስለ ገጠር ሠርግ ነው፤ የምሥራች ሆኖ መጥቶ ሸክም ሆኖ ስለሚቀረው።

ስልኩን ታውቁታላችሁ። «እንኳን ደስ አለሽ! ወንድምሽ ሊያገባ ነው፤ ለጥር ተቆርጧል።» ማዳም እንዳትሰማ አፋችንን በፎጣ ይዘን እልል እንላለን። ስልኩ ሲዘጋ ደግሞ ሒሳብ እንጀምራለን።

ታላቅ ወንድሜ ሲያገባ እኔም እንዲሁ ሆንኩ። ቤተሰቦቼ ደሴ ዙሪያ ገጠር ነው የሚኖሩት። የ14 ወር ደመወዜን በአንድ ጊዜ ላክኩ። ምን እንደሚገዛበት አልጠየቅኩም። «ምንም እንዳይጎድል፣ ሰው እንዳይስቅብን» ብቻ ነው ያልኩት። ድንኳንና መኪና ከከተማ ተከራዩ፣ ቪዲዮ ቀራጭ መጣ፣ ቢራ በሳጥን ተጫነ፣ 2 ሰንጋ ታረደ። ገንዘቡ አልበቃ ሲል የቀረውን ተበደሩ። ያንን ዕዳ ለመክፈል ውሌን በ2 ዓመት አራዘምኩ። በእነዚያ 2 ዓመታት ውስጥ አባቴ አረፈ። አልቀበርኩትም።

በኋላ ለ2 ወር አገሬ ገብቼ ምሬቴን ለእናቴ ስነግራት እንዲህ አለችኝ፦ «ልጄ፣ እኛ መች ይህን ያህል ጠየቅንሽ? ‹ምንም እንዳይጎድል› ያልሽው አንቺ ነሽ። ብንቀንስ የምታዝኚ መስሎን ነው።»

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። እውነቷን ነበር። በአካል መገኘት ስላልቻልኩ ገንዘቤ በእኔ ቦታ እንዲታይልኝ ፈልጌ ነበር። እህቶቼ፣ ብዙዎቻችን እንዲህ ነን። የምንልከው ብር ብቻ አይደለም፤ ናፍቆታችንን ነው የምንልከው። ናፍቆት ደግሞ ልክ የለውም።

ወደዚህ ከተመለስኩ በኋላ ሌላ ስልክ መጣ። አሁን ሽማግሌ የተላከው ለታናሽ እህቴ ነበር። ገና 17 ዓመቷ ነው። ስለ ድግሱ ከማውራቴ በፊት እሷን ለብቻዋ አናገርኳት። «ልጁን አልጠላውም፤ ግን ትምህርቴን ልጨርስ» አለችኝ። በአገራችን ሕግ የጋብቻ ዕድሜ ለሴትም ለወንድም 18 ዓመት ነው፤ የሁለቱም ፈቃድ ያስፈልጋል። እናቴን «እማዬ፣ ዘንድሮ ለሠርግ አንድ ብር አልልክም። ለደብተሯና ለልብሷ ግን እልካለሁ» አልኳት። አንድ ወር አኮረፈችኝ። ሽማግሌዎቹ ግን ነገሩን ተረድተው የልጁን ወገን አስታገሡ። እህቴ በ19 ዓመቷ «አሁን እሺ» ብላ ያንኑ ልጅ አገባች።

እህቶቼ፣ የምትልኩት ገንዘብ ድምፅ አለው። ታናሽ እህታችሁ ያለ ዕድሜዋ እንዳትዳር ያ ድምፅ ይናገርላት።

እሺ ካለች በኋላ ድግሱን ከ9 ወር በፊት ጀምረን አብረን አቀድን። ሦስት ጥያቄ ጠየቅኩ፦ ቤት ውስጥ ምን አለ? ጎረቤት ምን ያግዘናል? የቀረውስ ምንድን ነው? የእኔ ድርሻ ሦስተኛው ብቻ እንዲሆን ተስማማን።

ቤት ውስጥ ብዙ ነገር ነበር። ጥር የሠርግ ወር የሆነው በከንቱ አይደለም። አዝመራው ተሰብስቦ እህሉ ጎተራ ገብቷል፣ መንገዱ ደርቋል፣ ዐቢይ ጾምም አልገባም። ጤፉና ገብሱ ከማሳችን፣ ጌሾው ከጓሯችን ሆነ። በርበሬውና ሽሮው አስቀድሞ ተዘጋጀ። በሬውንም በሠርግ ሰሞን በውድ ከመግዛት ብለን በሚያዝያ ወይፈን ገዝተን እስከ ጥር አደለብነው።

ጎረቤት ደግሞ ከጠበቅኩት በላይ ሆነ። ድንኳን አልተከራየንም፤ የመንደሩ ወጣቶች እንጨትና የባሕር ዛፍ ቅጠል ቆርጠው በ2 ቀን ዳስ ጣሉ። ድስቱ፣ ብርጭቆውና ወንበሩ ከእድር መጣ። ዱቄቱን ለጎረቤት ሴቶች አከፋፈልነው፤ እያንዳንዷ በቤቷ ጋግራ እንጀራዋን በሞሰብ ይዛ መጣች። ጠላውንም እንዲሁ ተከፋፍለው ጠመቁት። ለሙስሊም ጎረቤቶቻችን በግ በራሳቸው ሰው እጅ ታርዶ፣ በራሳቸው ድስት ተሠራ፤ የሚጠጡትም ብርዝ ተለይቶ ተቀመጠ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚባለው እውነት ነው። በወንድሜ ሠርግ ሃምሳውንም ሎሚ ብቻዬን ተሸክሜ ነበር።

አንድ ነገር ልብ በሉ። የገጠር ሠርግ የብዙ ቀን ነው፤ ነገር ግን ሁሉም ቀን እኩል አይደገስም። በዋዜማው የሚያግዙት ብቻ ናቸው፤ ንፍሮና ጠላ ይበቃቸዋል። ትልቁ ድግስ ሙሽራው ከሚዜዎቹ ጋር ሙሽራዋን ሊወስድ የሚመጣበት ቀን ነው። በመልሱ ቀን የቅርብ ዘመድ ብቻ ጠራን። ቅልቅሉን የልጁ ወገን ደገሰ። በወንድሜ ጊዜ ግን በየቀኑ አገር ሁሉ ተጠርቶ ነበር፤ ብሩም ያለቀው በዚያ ነው።

ለእኔ የቀረው ወይፈኑ፣ ዘይቱ፣ ቅመሙ፣ ለስላሳውና የሙሽራዋ ልብስ ነበር። የ4 ወር ደመወዝ ሆነ። እሱንም በአንድ ጊዜ አልላክኩም። የሚገዛው ነገር ሲደርስ በየተራው፣ 4 ጊዜ፣ በባንክ ላክኩ። ወንድሜ በደብተር እየጻፈ ገጹን ፎቶ አንስቶ ይልክልኝ ነበር። ባለማመን አይደለም፤ የተጻፈ ነገር በኋላ ወንድምና እህትን አያጣላም። ለራሴ በየወሩ የማስቀምጣትንም አልነካኋትም።

«እምቢ ማለት ይከብደኛል» የምትሉ አላችሁ። እኔም ይከብደኛል። «እምቢ» አትበሉ፤ እውነቱን ንገሯቸው። «እማዬ፣ የምችለው ይህን ያህል ነው። ከዚህ ካለፈ በብድር ነው። ብድሩ ደግሞ እኔን እዚህ ያስቀረኛል።» የወለደች እናት ይህን ትሰማለች። ብዙ ጊዜ የማይሰሙን እውነቱን ስለማንነግራቸው ነው። ማዳም መታኝ አንልም፣ አሞኛል አንልም፤ ዘንጠን የተነሣነውን ፎቶ ብቻ እንልካለን። ታዲያ ገንዘብ የተረፈን ቢመስላቸው ምን ይፈረድባቸዋል?

«ሰው ይስቅብናል» ለምትሉም፣ በቃና ዘገሊላ ሠርግ እንኳ የወይን ጠጁ አልቆ ነበር። እመቤታችን ለልጇ ነገረች እንጂ ደጋሾቹን አላሳፈረችም። እውነተኛ ዘመድ የጎደለውን አይቶ ይሞላል። የሚስቅ ደግሞ 10 ሰንጋ ቢታረድለትም ይስቃል።

የእህቴ ሠርግ ዕለት ከማዳም አንድ ሰዓት ወሰድኩ፤ ከአንድ ወር በፊት ነበር የጠየቅኳት። ወንድሜ ስልኩን ይዞ ዳሱን አዞረኝ። እንጀራ የጋገሩት ሴቶች አንድ በአንድ ስሜን እየጠሩ እልል አሉልኝ። እህቴ ጉልበት ስማ ስትነሣ እናቴ ስልኩን ተቀብላ ስክሪኑን ሳመችው። አለቀስኩ፤ ግን የዕዳ ለቅሶ አልነበረም።

በሚመጣው መስከረም ለዘለቄታው አገሬ እገባለሁ። አባቴን አላገኘውም። እናቴን ግን አገኛታለሁ። ይህን የሰጠኝ ያ ያልተበደርኩት ገንዘብ ነው።

እህቶቼ፣ ስልኩ ሲጮህ እልል በሉ፤ ደስታ ነውና። ከዚያ ብር ከመላካችሁ በፊት ጠይቁ፦ ልጅቱ ደርሳለች ወይ? ፈቅዳለች ወይ? ቤት ውስጥ ምን አለ? ጎረቤት ምን ያግዛል? የቀረውስ ምንድን ነው? በድግሱ ላይ ምንም እንዳይጎድል ስንል እኛ ከቤታችን ጎድለን እንዳንቀር።

እግዚአብሔር በሰላም ለአገራችሁ ያብቃችሁ። የራሳችሁንም ሠርግ በዳሱ ሥር ቆማችሁ ለማየት ያብቃችሁ።